ሁለት ነጥብ

ዝናቡ ከታቦር እያጉረመረመ፣
የሰኔው ሰማይ ከመስኮት ጨለመ።
ሮስተሩን ዘረጋሁ፣ ጠረጴዛው ጠበበው፣
ስልሳ ሁለት ልጅ ነው፣ ትምህርቱም አሥር ነው።

ሒሳብና ስፖርት፣ ፊዚክስ፣ ሥነ ዜጋ፣
እዚህ ሠንጠረዥ ላይ እኩል ነው የሁሉም ዋጋ፤
የስፖርት ዘጠና እጁን እየሰጠ፣
ያወጣዋል ያንን ኬሚስትሪ ውስጥ የሰመጠ።
መቶውም ራሱ ከቁርጥራጭ የተሰፋ ነው፣
አምሳው ማጠቃለያ፣ ሠላሳው ቴስት ነው፣
አሥሩ አሳይመንት፣ አሥሯ የደብተር ጽዳት
(የምትጽፍለት እህት ላለችው ቀላል ናት)።
ይደመራል፣ ለአሥር ይካፈላል፤ ይኸ አንድ መንፈቅ ነው፤
የሁለተኛውም መንገዱ ያው ነው፤
ከዚያ ሁለቱ ተደምረው ለሁለት ሲካፈሉ፣
አሥር ወር የኖሩት ልጆች አንዲት ሳጥን ውስጥ ያድራሉ።

ካልኩሌተሬ አርጅቷል፣ የሰባት ቁልፉ ይነክሳል፣
አንዴ ስነካው ሁለቴ ይጽፋል፤
ስለዚህ በጋዜጣ ጠርዝ ዳግም እደምራለሁ፣
ጂኦግራፊ ነው የማስተምረው፣ ቁጥር እፈራለሁ።

ተራ ቁጥር ሠላሳ፣
ሌዳሞ ባራሳ።
ሌሊት አሞራ ገደል መረብ የሚጎትት፣
ጠዋት አጠገቡ ያለ ወንበሩን የሚያሸሽበት።
የመጀመሪያው መንፈቅ፣ ሠላሳ ስምንት ነጥብ አራት፤
የሁለተኛው መንፈቅ፣ ስልሳ አንድ ነጥብ አራት።
ይህንን ዳገት በምን እንደወጣው አላውቅም፤
ጀልባዋ ተሸጠች ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን አልጠየቅኩም።
አማካይ፦ አርባ ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ።
ማለፊያው አምሳ ነው።
ጠርዙ ላይ ደመርኩት። አርባ ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ።

ከሱ ከፍ ብሎ፣ ተራ ቁጥር አሥራ አራት፣
ኤልሻዳይ ዳና፣ ስልሳ አንድ ነጥብ ስድስት ነበራት፤
ኋላ፣ ሠላሳ ስምንት ነጥብ አራት።
አምሳ። ልቅም ያለ አምሳ።
አንድ ደረጃ ላይ ሁለት ልጅ ተላለፈ፤
የምትወርደው አለፈች፣ የሚወጣው አላለፈ።

የሌዳሞን ወረቀት ከክምሩ ስስብ፣
ጥያቄ አሥራ ሁለት፣ የሚይዘው ሁለት ነጥብ፦
«የሐዋሳ ሐይቅ አማካይ ጥልቀቱ ስንት ነው?»
«መምህር፣ መረቡ የት ተጥሎ ነው?
ጥቁር ውኃ በኩል እስከ ጉልበቴ ነው፣
መሀሉ ግን ገመዴ አልቆ ያልነካው ነው።
አማካይ ላይ ዓሣ አይገኝም።»
ያን ቀን በቀይ ኤክስ ሰርዤው ስቄያለሁ፣
ሻይ ላይ ለነመምህርት ጸዳለ ጮክ ብዬ አንብቤያለሁ።
መልስ ቁልፌ ላይ ያለው አንድ ቁጥር ነበር፤
እሱ ግን የጻፈው ሐይቁን ራሱን ነበር።

ፊደል ስንቆጥር የነገሩን ድንገት ትዝ አለኝ፦
አራት ነጥብ ሲመጣ ነገሩ ይዘጋል፤
ሁለት ነጥብ ግን ሌላ ቃል ይጠራል።

ኤክሱን በመስመር ሻርኩት፣ ሁለት ብዬ ሰጠሁ፣
ስድስት መቶ አሥራ አራትን ወደ አሥራ ስድስት አወጣሁ።
ስርዝ ድልዝ ክልክል ነው፣ ሮስተሩ ግርጌ ተጽፏል፤
ከጎኑ ፈረምኩ። የሚጠይቅ ይጠይቀኛል።
አምሳ።

አሁን ሁለቱም ልጆች እኩል ናቸው በቁጥር።
ከሚያዝያ ወዲህ ግን ከፊት ወንበር ተነሥታ
ከኋላው ግድግዳ ጥግ የገባችው ልጅስ?
እኔ የያዝኩላት ቀሪ ብቻ ነበር።
የወደቀ ቢሆን እናቱ ትመጣለች፣ ታለቅሳለች፣ ትጮኻለች፤
ያለፈችን ልጅ ማን ብሎ ይጠይቃል? አልፋለች።

ለስልሳ ልጅ ካርድ ላይ «በርታ»፣ «በርቺ» ብያለሁ፤
የሷ ላይ ስደርስ ግን እስክሪብቶ ይዤ ቀርቻለሁ።
ዝናቡ ደረሰ። ቆርቆሮው አስተጋባ።
ዘበኛው በር ላይ ቆሞ «መምህር፣ ልዘጋ ነው» አለ፣ አልገባ።
አስተያየት በሚለው መስመር ላይ ስሟን ጻፍኩ፣
ቀጥዬም ሁለት ነጥብ አደረግኩ፡